ኮታ ከመለመን በፊት፦ ከጅማ ጨርቅ ለሚልክ ትንሽ ነጋዴ

የመጀመሪያው የውጭ ደንበኛዬ 400 ጋቢ ያዘዘኝ ጊዜ፣ አንድ ደላላ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ሻይ ቤት አስቀምጦኝ «ኮታው እኮ ሞልቷል» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ። ቀጥሎም ውስጥ የሚያውቀው ሰው እንዳለና «ትንሽ ክፍተት» ሊፈልግልኝ እንደሚችል ጨመረበት። የምን ኮታ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ከፈልኩ። ከወራት በኋላ እንደገባኝ፣ ዕቃዬ ወደሚሄድበት የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያ ጋቢ ኮታ የሚባል ነገር አልነበረም። በብሬ የገዛሁት የሌለ ነገር ነው።

ብሩ አሁንም ያንገበግበኛል። ግን ከዚያ በኋላ ነገሩን ከሥሩ መማር ጀመርኩ። መጀመሪያ የገባኝ ይህ ነው፦ ትንሽ ላኪ ከንግድ ኅብረት ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ቁጥር አይደራደርም። ብራስልስም (የአውሮፓ ኅብረት)፣ አክራም (የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠና)፣ ሉሳካም (ኮሜሳ) ለድርድር የሚቀመጠው መንግሥት ነው። የእኛ ድርድር ሌላ ቦታ ነው። ከገዢው ጋር ነው፣ ከሚኒስቴሩ ጋር ነው፣ ከሸማኔው ጋር ነው። ከቀን መቁጠሪያው ጋርም ነው። ቀጥሎ በቅደም ተከተል የምጽፈው ይህንኑ ነው።

አንደኛ፦ ኮታው በእርግጥ አለ?

የዓለም የጨርቅ ንግድ ለረጅም ጊዜ በኮታ ታስሮ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ካላልኩ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) «መልቲ ፋይበር» በሚባለው ስምምነት ሀብታሞቹ ሀገሮች ከየላኪው ሀገር የሚገባውን ሸሚዝና ሱሪ እየቆጠሩ ይገድቡ ነበር። በ1995 የዓለም ንግድ ድርጅት ሲቋቋም ኮታውን በ10 ዓመት ውስጥ ለማንሳት ተስማሙ። አነሳሱ ግን ክፉ ተበዳሪ ዕዳ እንደሚከፍለው ዓይነት ነበር። መጀመሪያ 16 በመቶ፣ በ1998 17 በመቶ፣ በ2002 18 በመቶ። የቀረው 49 በመቶ የተነሳው በመጨረሻው ቀን፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ነው። ዛሬም «ኮታ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ያን ዘመን ነው።

አሁን ቃሉ ከአራት ነገር አንዱን ሊሆን ይችላል። አንዱ የድሮው ነው፤ ከዚህ በላይ አይገባም የሚል ቁርጥ ገደብ። ሁለተኛው የታሪፍ ኮታ ነው። እስከዚህ መጠን ያለ ቀረጥ ወይም በትንሽ ቀረጥ ይገባል፣ ከዚያ በላይ ያለው ሙሉ ቀረጥ ይከፍላል። በሩ አይዘጋም፣ መግቢያው ይወደዳል እንጂ። ሦስተኛው የስሪት ኮታ ነው። ክሩ ወይም ጨርቁ ከሌላ ሀገር መጥቶ የስሪት ሀገር ደንቡን (ዕቃው የየት ሀገር ሥራ እንደሚባል የሚወስነውን) ባታሟሉም፣ እስከዚህ መጠን ድረስ እንዳሟላችሁ ይቆጠርላችኋል። የአውሮፓ ኅብረትና ካናዳ በስምምነታቸው ውስጥ ለጨርቅና ለልብስ እንዲህ ያለ ኮታ አላቸው። አሜሪካም ለአፍሪካ ሀገሮች በሰጠችው አጎዋ በሚባል የቀረጥ ነፃ ዕድል ከሦስተኛ ሀገር ጨርቅ ተሰፍቶ ያለ ቀረጥ የሚገባውን የአፍሪካ ልብስ ከጠቅላላ የልብስ ገቢዋ 3.5 በመቶ ላይ ገድባዋለች፤ ስሌቱም በካሬ ሜትር ነው። አራተኛው ኮታ ያልሆነ ኮታ ነው። ገዢው ራሱ «ዘንድሮ ከእናንተ የምወስደው ይህን ያህል ነው» ይላል። ደላላ አራቱንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው፤ የሚጠቅመውም መደባለቁ ነው።

ለኢትዮጵያ ዕቃ ሥዕሉ እንዲህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2001 ጀምሮ በማደግ ላይ ካሉት እጅግ ድሃ ለሆኑት ሀገሮች ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉንም ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ያስገባል። እኛም አለንበት። እንግሊዝ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ በ2023 የራሷን ተመሳሳይ ሥርዓት ጀምራለች። ቻይና ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከእነዚሁ ሀገሮች ለሚገባ ዕቃ ቀረጡን ዜሮ አድርጋለች። እዚያ ግን አንድ ጥግ አለ። ኮታ ባለባቸው ዕቃዎች ላይ ዜሮው የሚሠራው ለኮታው ውስጥ ብቻ ነው፣ ጥሬ ጥጥ ደግሞ ከእነዚያ አንዱ ነው። ስለዚህ ጋቢ የሚልክና ጥጥ የሚልክ አንድ ዓይነት ጥያቄ የላቸውም።

በአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠና ደግሞ ነገሩ በመሳቢያ ተከፋፍሏል። ከየሀገሩ የታሪፍ ዝርዝር 90 በመቶው ነፃ ይሆናል፣ 7 በመቶው «ጥንቃቄ የሚሻ» ተብሎ ቀስ ይላል፣ 3 በመቶው ከነጭራሹ ውጭ ነው። ለኬንያ ወይም ለሌላ ጎረቤት የምትልኩ ከሆነ ጥያቄያችሁ «ኮታ አለ ወይ» ሳይሆን «የእኔ ዕቃ የትኛው መሳቢያ ውስጥ ነው» ነው።

አጎዋን በተመለከተ ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ወጥታለች። ያ በኮታ ምክንያት አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀውን የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚያውቅ ሰው ነገሩ እዚህ ምን ያህል እንደተሰማ ያውቃል። አንድ ወገን ብቻውን የሰጠውን ጥቅም ብቻውን ያነሳዋል። የዋጋ ሒሳባችሁን በእሱ ላይ ብቻ አትትከሉ።

ይህን ሁሉ ለማጣራት ሻይ ቤት አያስፈልግም። የአውሮፓ ኅብረት «አክሰስ ቱ ማርኬትስ» የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለው። የዕቃውን ኮድ፣ መነሻ ሀገርና መድረሻ ሀገር ታስገባላችሁ፤ ቀረጡን፣ ኮታ ካለም ኮታውን፣ የሚፈለገውን ሰነድ ያወጣላችኋል።

ሁለተኛ፦ ዕቃችሁ በጉምሩክ ቋንቋ ምን ይባላል?

ኮድ ሳይዙ ስለ ኮታ ማውራት ስም ሳይጠሩ ሰው እንደ መፈለግ ነው። ጨርቅና ልብስ በኤችኤስ ኮድ (የየሀገሩ ጉምሩክ ዕቃን የሚለይበት የጋራ ቁጥር) ከምዕራፍ 50 እስከ 63 ይገኛል። ሹራብና ቲሸርት 61 ውስጥ፣ ተሸምኖ የተሰፋ ልብስ 62 ውስጥ፣ የአልጋና የጠረጴዛ ልብስ 63 ውስጥ።

የእኔ ችግር ጋቢ ነበር። 6214 የአንገትና የትከሻ ልብስ ነው። 6301 ብርድ ልብስ ነው። ጋቢ የቱ ነው? ግራ ቢገባኝ ለረጅም ዓመት የሚሸምኑልኝን አንድ አዛውንት ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ጋቢ ልብስ ነው ይላሉ ወይስ ብርድ ልብስ?»

ማጉን ሳያቆሙ መለሱልኝ። «ቀን ሰው ሲያየኝ ልብስ ነው። ማታ ብርድ ልብስ ነው።»

ጉምሩክ ግን ቀንና ማታ የሚል ኮድ የለውም። መፍትሔው ገዢው በሀገሩ ጉምሩክ አስቀድሞ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። በአውሮፓ ኅብረት «አስገዳጅ የታሪፍ መረጃ» ይሉታል። ናሙና ይላካል፣ ጉምሩኩ ኮዱን ይወስናል፣ ውሳኔው ለ3 ዓመት በመላው ኅብረት ይጸናል። አንድ ጋቢ መሥዋዕት ማድረግ ነው። ኮታ ያለበት ገበያ ላይ ደግሞ ይሄ ትልቁ ድርድር ነው። አንዱ ኮድ በኮታ ተይዞ ጎረቤቱ ኮድ ነፃ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ማጭበርበር አልልም፤ ዕቃው በእውነት የሚገባበትን ኮድ በጽሑፍ አስወስኑ ነው የምለው።

ሦስተኛ፦ ኮታው በምን ይለካል?

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ኮታ በኪሎ፣ በፍሬ ወይም በካሬ ሜትር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ምን እንደምትልኩ ይወስናል። በፍሬ ከሆነ ጋቢ ላኩ፤ አንድ ቁጥር ብቻ በልቶ ብዙ ዋጋ ያመጣል። በኪሎ ከሆነ ነጠላ ላኩ፤ ቀሎ ብዙ ዋጋ ይይዛል። በመልቲ ፋይበር ዘመን የእስያ ልብስ ሰፊዎች ይህንኑ ነው ያደረጉት። ኮታው በቁጥር ሲያስራቸው ርካሹን ሸሚዝ ትተው ውዱን መስፋት ጀመሩ።

ኪሎ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ጥጥ እርጥበት ይጠጣል። በንግድ ሚዛን ለጥጥ ክር የሚፈቀደው መደበኛ እርጥበት 8.5 በመቶ ነው። የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ታጥቦ የተሰጣ ጋቢ ሳምንት ሙሉ «ደርቋል» እያላችሁት አይደርቅም። ሐምሌ ላይ የታሰረ ቦንዳ ኮታችሁን በውኃ ይሞላዋል። እኔ አሁን ከመታሰሩ በፊትና በኋላ ሁለቴ እመዝናለሁ።

አራተኛ፦ ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ

የታሪፍ ኮታ በሁለት መንገድ ይታደላል። አንዱ በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ያለው አስመጪ ብቻ ያስገባል። ሌላው «መጀመሪያ የመጣ ይወስዳል» ነው። በአውሮፓ ኅብረት የኮታ ቁጥሮች ሁሉ በ09 ይጀምራሉ። ቀጥሎ 4 ካለ በፈቃድ ነው፤ ከ0 እስከ 3 ካለ በቅደም ተከተል ነው።

በቅደም ተከተል በሆነው ላይ የሚቆጠረው ቀን ከጅማ የተነሳችሁበት አይደለም። ከጅቡቲ የተጫነበትም አይደለም። የሚቆጠረው አስመጪው በመድረሻው ጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ከነሙሉ ሰነዱ አቅርቦ ተቀባይነት ያገኘበት ቀን ነው። አንድ ወረቀት ከጎደለ ሰልፉ ውስጥ የላችሁም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ብዙ ኮታ የሚከፈተው ጃንዋሪ 1 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ፣ ለገና ስድስት ቀን ሲቀረው። 400 ጋቢ አለብኝ። የእኔ ሸማኔዎች አንዱን ጋቢ በሁለት ቀን ያወርዳሉ። 10 ሸማኔ ካለኝ 80 የሥራ ቀን ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠሩ 14 ሳምንት ገደማ። ለማጠብ፣ ለመተኮስ፣ ለመቁጠር ሁለት ሳምንት። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ጅቡቲ፤ ከነጉምሩኩ ሁለት ሳምንት እይዛለሁ። ለባሕሩ ሁለት ወር። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ መርከብ መመታት ከጀመረ ወዲህ ብዙ መርከብ አፍሪካን ዞሮ ስለሚሄድ ከዚያ ያነሰ አልይዝም። ሲደመር 26 ሳምንት። መጀመር ያለብኝ ሰኔ መጨረሻ ነው።

«መስከረም እንጀምራለን» ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመው ልንገራችሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ጅማ ዙሪያ ያለ እጅ ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ነው። ፈታይዋም ትለቅማለች፣ የሸማኔው ልጅም ይለቅማል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የገናና የጥምቀት ነጠላ ፈላጊ በየደጁ ተሰልፎ ጥሬ ብር ይዞ ይቆማል። ከዳውሮም ከጋሞም የመጡት ሸማኔዎቼ ያኔ እኔን አያውቁኝም። አልፈርድባቸውም። የእኔ ገንዘብ በባንክ በኩል ዞሮ ሲመጣ ጥምቀት ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ ከሸማኔው ጋር የሚደረገው ድርድር ሰኔ ላይ ይለቅ። ግማሹን ቀብድ ስጡ፣ ክሩን ራሳችሁ ግዙ፣ የበዓሉን ሰሞን በግልጽ ነፃ አድርጉላቸው። በገና ዋዜማ ጋቢ የሚጠብቅ ላኪ ቀድሞ ተሸንፏል።

አምስተኛ፦ ከገዢው ጋር፦ 12 በመቶው የማን ነው?

ዋናው ጠረጴዛ ይሄ ነው። በዝርዝር ልሂድ።

በአውሮፓ ኅብረት በልብስ ላይ ያለው መደበኛ ቀረጥ ብዙውን ጊዜ 12 በመቶ ነው። የእኛ ዕቃ የስሪት ሀገር ደንቡን ካሟላ ዜሮ ነው። እንበል አንድ ልብስ በ25 ዩሮ ሸጣችሁ። ሙሉ ቀረጥ የሚከፍለው ተፎካካሪያችሁም በ25 ዩሮ ሸጠ። የእሱ ዕቃ ላይ 3 ዩሮ ቀረጥ ይጨመራል፣ የእናንተ ላይ አይጨመርም። ያ 3 ዩሮ የት ገባ? ካልጠየቃችሁ ገዢው ኪስ። በ400 ፍሬ 1,200 ዩሮ ነው። እኔ ለሁለት ዓመት ዝም ብዬ ሰጥቻለሁ። በሦስተኛው «እናንተ በእኔ ዕቃ ላይ ቀረጥ እንደማትከፍሉ አውቃለሁ፣ ግማሹን እንካፈል» ብዬ ጻፍኩ። ሙሉ ግማሹን አልሰጡኝም። ግን በፍሬ አንድ ዩሮ ጨመሩ። አንድ ኢሜይል ነው የፈጀው።

የታሪፍ ኮታ ባለበት ገበያ ይህ ሒሳብ ሁለት ፊት አለው። ኮታው ውስጥ ከገባችሁ የሚተርፍ ገንዘብ አለ፣ ካለፋችሁ የሚከፈል ቀረጥ አለ። ሁለቱንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጉምሩክ ሄዶ ኮታውን የሚጠይቀው አስመጪው ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ስለዚህ አደጋው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ የሚወስነው ውሉ ነው። በኤፍኦቢ ጅቡቲ፣ ማለትም ዕቃው ጅቡቲ መርከብ ላይ እስኪጫን ብቻ ኃላፊ ሆናችሁ ከሸጣችሁ፣ ቀረጡ የገዢው ነው። ቀረጥ ከፍላችሁ ደጁ ድረስ ልታደርሱለት ከተስማማችሁ ኮታው ሲያልቅ የምትቃጠሉት እናንተ ናችሁ። ትንሽ ላኪ እንደዚያ አይፈርም። ገዢው ከባሰበት መካከለኛ ዐረፍተ ነገር አለ፤ እኔ የምጠቀምበት እንዲህ ይላል፦

«ዕቃው መድረሻ ጉምሩክ ሲደርስ የቀረጥ ነፃው መጠን አልቆ ከተገኘ፣ ተጨማሪውን ቀረጥ ገዢው 60 በመቶ፣ ሻጩ 40 በመቶ ይሸፍናሉ። ምክንያቱ የሻጩ ሰነድ መጓደል ከሆነ ሻጩ፣ የገዢው መዘግየት ከሆነ ገዢው ሙሉውን ይከፍላል።»

ሌላው የምትጠይቁት ማቆያ ነው። ኮታው ካለቀ አስመጪው ዕቃውን ቀረጥ ሳይከፍል በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ባለ መጋዘን አቆይቶ አዲሱ ኮታ ሲከፈት ሊያወጣው ይችላል። የመጋዘኑን ኪራይ ማን እንደሚከፍል ግን አሁን ጻፉት። ዕቃው መጋዘን ከገባ በኋላ የሚደረግ ድርድር ድርድር አይደለም፣ ልመና ነው።

ስድስተኛ፦ ሚኒስቴሩ ዘንድ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?

ገደቡ በእውነት ካለ፣ ወይም ሊመጣ ነው ከተባለ፣ መንገዱ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር በኩል ነው። ብቻችሁን ከምትሄዱ በማኅበር ሂዱ። «ድር ቢያብር» የሚለውን ተረት ልተርት አልነበረም፤ ግን አንድ የ400 ጋቢ ላኪ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይተኛል፣ የሃያ ላኪዎች ደብዳቤ ስብሰባ ላይ ይነሳል።

ደብዳቤው ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ችግሩን በለቅሶ ሳይሆን በቁጥር ጻፉት። ኮዱ፣ ያለፉት ሦስት ዓመታት መጠን በኪሎም በፍሬም፣ የተሰረዘ ትእዛዝ ካለ ከነኢሜይሉ፣ ስንት ሸማኔና ስንት ፈታይ እንደሚነካ። ከዚያ ጥያቄውን። «ኮታ ይጨመርልን» ብቻ ማለት ደካማ ጥያቄ ነው፤ ተደራዳሪው ይዞት የሚሄድ ነገር የለውም። የድሮው የኮታ ዘመን ጥሩ የጥያቄ ዝርዝር ትቶልናል።

ዓመታዊ ዕድገት አንዱ ነው። በመልቲ ፋይበር መነሻው በዓመት 6 በመቶ ነበር። ቀጥሎ ማሻገር አለ፤ ዘንድሮ ያልተጠቀማችሁበትን ለከርሞ መውሰድ። ከከርሞው ኮታ መበደርም ነበር። ሁለቱ ተደምረው 10 በመቶ፣ ከዚያ ውስጥ ብድሩ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጎ። ከአንዱ የዕቃ ዓይነት ወደ ሌላው ማዘዋወርም ይፈቀድ ነበር፣ እስከ 7 በመቶ። እንደ እኛ ላለ ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ማሻገሩ ነው። ቡናና በዓል በሚያቋርጡት ሥራ ዓመቱን ሙሉ እኩል መላክ አይቻልም።

ሁለት ነገር ጨምሩበት። የመጀመሪያው ለአዲስ ገቢ የሚቀመጥ ድርሻ ነው። ኮታ አብዛኛውን ጊዜ ባለፈው አፈጻጸም ነው የሚከፋፈለው፤ ትናንት ብዙ የላከ ዛሬም ብዙ ያገኛል። ታሪክ የሌለው ትንሽ ላኪ ከደጅ ይቀራል። ስለዚህ ከጠቅላላው ትንሽም ብትሆን ለአዲሶችና ለትንንሾች ተለይታ እንድትቀመጥ ጠይቁ። የመነሻ ዓመቱም የትኛው እንደሆነ ተከታተሉ፤ መንገድ የተዘጋበት ወይም ትእዛዝ የጠፋበት ዓመት መነሻ ከሆነ ዕድሜ ልክ ትጎዳላችሁ።

ሁለተኛው በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ ጉዳይ ነው። በ2005 ኮታው በተነሳ በወራት ውስጥ የቻይና ልብስ አውሮፓን አጥለቀለቀ። ጁን 10 ላይ ሁለቱ ወገኖች አዲስ ገደብ ተስማሙ። ገደቡ በሳምንታት ሞላ። ከ70 ሚሊዮን በላይ ሹራብ፣ ሱሪና የጡት መያዣ ወደብ ላይ ቀረ። የአውሮፓ ሱቆች አስቀድመው ከፍለውበት ነበር፣ የጮኹትም እነሱ ናቸው። ሴፕቴምበር ላይ እንደገና ተቀምጠው ግማሹን ኅብረቱ ዋጠው፣ ግማሹን በቻይና የከርሞ ኮታ ላይ አስቆጠሩት። ከዚህ የምወስደው፣ ገደብ ሲመጣ ከቀኑ በፊት የተፈረመ ውልና የተጫነ ዕቃ ነፃ እንዲሆን አስቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት ነው። ደግሞም የገዢው ጩኸት ከላኪው ጩኸት ይልቅ እንደሚሰማ። ስለዚህ ገዢያችሁ በሀገሩ ላለው ንግድ ሚኒስቴር እንዲጽፍ አድርጉ። የሚጽፈውን እናንተው አርቅቁለት።

ሰባተኛ፦ ስሪትና ምልክት

የስሪት ሀገር ማረጋገጫ ከሌለ ኮታም ዜሮ ቀረጥም የለም። ለአውሮፓ ኅብረት እስከ 6,000 ዩሮ ላለ ዕቃ ማንኛውም ላኪ ኢንቮይሱ ላይ የስሪት መግለጫ መጻፍ ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ «ሬክስ» በሚባለው ሥርዓት መመዝገብ ግዴታ ነው። የእኔ 400 ጋቢ 10,000 ዩሮ ስለነበር መመዝገብ ነበረብኝ። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለእኛ መሰል ሀገሮች ብዙው ልብስ ላይ ደንቡ ለዝቧል፤ ጨርቁ ከውጭ መጥቶ እዚህ ቢሰፋ ይበቃል። በሜትር ለሚሸጥ ጨርቅ ግን ጠበቅ ይላል። ክሩ ከየት እንደተገዛ ደረሰኙን አስቀምጡ።

ምልክቱ ላይ ደግሞ እኔ ወድቄበታለሁ። «100 በመቶ ጥጥ» ብዬ አሳትሜ ላክሁ። ጋቢው ጥጥ ነው፤ ጥለቱ ግን ሰው ሠራሽ ክር ነበር። ገዢው ላቦራቶሪ አስመርምሮ ሙሉውን አቆመው። ምልክቱ እስኪቀየር ስድስት ሳምንት ሄደ። ኮታ ያለበት ገበያ ቢሆን ሰልፉ ያኔ አልፎኝ ነበር። የአውሮፓ ደንብ ለጌጥ ብቻ የገባና በግልጽ የሚለይ ክር ከጠቅላላው ክብደት 7 በመቶ ካልበለጠ ባይቆጠርም ይፈቅዳል። ቡና የሚገዛ ጎረቤቴ ትንሿን ሚዛኑን አዋሰኝና አንዱን ጋቢ ጥለቱን ፈትቼ መዘንኩት። 9 በመቶ መጣ። ጥለቱን በአንድ ጣት ማጥበብ ነበር የሚያስፈልገው። አሁን ከእያንዳንዱ አዲስ ንድፍ አንድ ጋቢ እፈታለሁ። ሸማኔዎቹ መጀመሪያ ያበድኩ መስሏቸው ነበር።

ስምንተኛ፦ ኮታው ከተከፈተ በኋላ

የአውሮፓ ኅብረት በቅደም ተከተል የሚታደሉትን ኮታዎች ቀሪ መጠን በድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ዕቃው ባሕር ላይ እያለ በየጠዋቱ እዩት። 90 በመቶው ካለቀ ኮታው «ወሳኝ ደረጃ» ላይ ነው ይባላል፤ ከዚያ በኋላ አስመጪው ለሙሉ ቀረጡ ዋስትና ያስይዛል። ገዢያችሁ ያን ገንዘብ ማስያዝ እንዳለበት ቀድሞ ካላወቀ ዕቃውን ወደብ ላይ ያቆመዋል። በአንድ ቀን የቀረቡ ጥያቄዎች ከቀሪው ከበለጡ ደግሞ ለሁሉም እየተመጠነ ይከፋፈላል። ግማሹ ያለ ቀረጥ፣ ግማሹ በቀረጥ ሊሆን ይችላል። የውላችሁ 60 በ40 ሥራውን የሚጀምረው እዚህ ነው።

የመጨረሻዋ ነገር ትንሽ ናት። የከተማችንን ስም በላቲን ፊደል የሚጽፈው ሁሉ የራሱ አጻጻፍ አለው። አንዱ በ«ጄ» ይጀምራል፣ አንዱ በ«ዲ»፣ አንዱ «ኤም»ን ይደግማል፣ አንዱ ይተዋል። ኢንቮይሱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ሌላ፣ የስሪት መግለጫው ላይ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ባንክ የመለሰልኝ ጊዜ አለ። ትራንዚተራችሁ ሰነዱን ከማስገባቱ በፊት ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡና አድራሻችሁን ፊደል በፊደል አንብቡ።